ሚድላንድና ኦዴሳ፤ አንድ ዘይት፣ ሁለት ውርስ

የነዳጅ ዋጋ ሽቅብ ወጣ ወይም ቁልቁል ወረደ በተባለ ቁጥር የብዙ ነጋዴ ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት፣ ሲበዛም ቪየና ወዳለው የኦፔክ ጽሕፈት ቤት ነው። ከ2023 ወዲህ ግን በገበያው ላይ ስማቸው ከከበደ ቦታዎች አንዷ በምዕራብ ቴክሳስ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ወደብም ወንዝም የሌላት ሚድላንድ የተባለች ከተማ ናት። የዓለም የነዳጅ ሽያጭ ውሎች የሚመዘኑበት፣ "ብሬንት" ተብሎ የሚጠራው የሰሜን ባሕር ዋጋ ሲሰላ የሚድላንድ ድፍድፍ በስሌቱ እንዲካተት የተደረገው በዚያ ዓመት ነው። የሰሜን ባሕር ጉድጓዶች እያረጁ ምርታቸው በመመናመኑ ዋጋውን ብቻቸውን መሸከም ስላቃታቸው የአሜሪካው ዘይት ለእርዳታ ተጠራ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይርጋጨፌ የአንድ ወረዳ ስም ብቻ መሆኑ ቀርቶ ባሕር ማዶ ሳይቀር የቡና መጠሪያ እንደሆነ ሁሉ፣ ሚድላንድም ዛሬ የከተማ ስም ብቻ አይደለችም፤ የዘይት ዓይነትና የዋጋ ስም ሆናለች። በጅቡቲ በኩል የተጣራ ነዳጅ ለምታስገባው ኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የድፍድፍ ዋጋ ሲናጋ የቤንዚኑና የናፍጣው ሂሳብ አብሮ ይናጋል።

ከሚድላንድ በስተምዕራብ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ኦዴሳ ትገኛለች። ሁለቱ ከተሞች የተቀመጡት ፐርሚያን ቤዚን በሚባለው አንድ የከርሰ ምድር ገበታ ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያቸው በመካከላቸው ያለው አንዱ ነው። ዋጋ ሲደራ አብረው ይሰክራሉ፣ ሲወድቅ አብረው ይታመማሉ። በየፊናቸው የዘይት ዘመናቸውን ቅርስ ይዘክራሉ፤ ሙዚየም ያንጻሉ፣ አሮጌ ቤት ያድሳሉ፣ የቀድሞ ባለሀብቶችን ፎቶግራፍ ይሰቅላሉ። ይሁን እንጂ ዘይቱ ለማን ምን አወረሰ ተብሎ ሂሳቡ ሲመረመር፣ ከሁለቱም ከተሞች ይልቅ ጠቀም ያለውን ድርሻ የወሰዱት ቁፋሮው ሳይጀመር በፊት መሬቱን በወረቀት የያዙት ሆነው ይገኛሉ።

ባቡር የቆረቆራቸው

ሁለቱም ከተሞች የባቡር ልጆች ናቸው። በ1881 የቴክሳስና ፓስፊክ የባቡር መንገድ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ፣ በፎርት ወርዝና በኤል ፓሶ መካከል እኩሌታ ላይ አንድ ጣቢያ ተተከለ። ስሙም "መሐል መንገድ" እንደማለት ሚድዌይ ተባለ። ቴክሳስ ውስጥ ሌሎች ሚድዌዮች ስለነበሩ በ1884 ሚድላንድ ተብሎ ተቀየረ። ኦዴሳም በዚያው በ1881 የባቡሩ ውኃ መቅጃና የከብት መጫኛ ሆና ተጀመረች። ስሟን ያወጡላት የሐዲድ ሠራተኞች ናቸው ይባላል፤ ዛፍ አልባው ሜዳ በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን የዩክሬኗን ኦዴሳ አገር መስሎ ታይቷቸው ነበር።

ባቡሩ ግን ከሰረ። ለግንባታው ማበረታቻ ከቴክሳስ ግዛት መሬት ተሰጥቶት ስለነበር፣ በ1888 ገንዘባቸውን ያጡት ቦንድ ያዦች ሌላ የሚወስዱት ነገር ስላልነበረ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በባለአደራ ስም ተይዞ የድርሻ ወረቀት ተሰጣቸው። የጊዜው አስተያየት ይህ ካሳ ሳይሆን ማጽናኛ ነው የሚል ቢሆን አያስገርምም። መሬቱ ሣር እንኳ አጥግቦ አያበቅልም።

ያ ድርጅት ዛሬም አለ። መሬቱን ለከብት አርቢዎች እየቸበቸበ ቢቆይም 350 ሺህ ሄክታር የሚያህል ይዟል፤ ከመሬቱ ሥር ከሚወጣው ዘይትም በብዙ ቦታ ድርሻ አለው። በ2021 ከባለአደራነት ወደ አክሲዮን ማኅበር ተለወጠ። ቴክሳስ ፓስፊክ ላንድ በሚለው ስሙ በኅዳር 2024 የአሜሪካ 500 ታላላቅ ኩባንያዎች የሚመዘኑበት የአክሲዮን መለኪያ ውስጥ ገባ። ድርጅቱ የቁፋሮ ኩባንያ አይደለም። ሥራው መሬትና ውል መያዝ ነው። የከሰረ ባቡር ቦንድ ይዞ ያለቀሰ የ1888 ባለገንዘብ፣ ወረቀቱን ሳይሸጥ ለልጅ ልጆቹ አስተላልፎ ከሆነ ቤተሰቡን ባለጸጋ አድርጓል ማለት ነው። ስንቱ ታግሦ እንደያዘው ግን ማንም ነጋዴ ሊገምተው ይችላል።

የጽጌረዳ ቅጠልና 516 ዶላር

በዚህ አገር ዘይት መኖሩን ያረጋገጠው ጉድጓድ ሳንታ ሪታ ቁጥር 1 ይባላል። የተቆፈረው ከሚድላንድ በስተደቡብ ምሥራቅ በሬገን አውራጃ ነው። ታሪኩ ለደላላ ጆሮ የሚጥም ስለሆነ ጠቅለል ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

ሩፐርት ሪከር የተባለ የሕግ ባለሙያ በ1919 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ከሆነው ደረቅ መሬት ላይ ከ170 ሺህ ሄክታር በላይ ለፍለጋ ጠየቀ። የመመዝገቢያው ክፍያ በአንድ ኤከር 10 ሳንቲም ሲሆን፣ ተደምሮ ወደ 43 ሺህ ዶላር ይመጣል። ሪከር ይህን በ30 ቀን ውስጥ ማግኘት አልቻለም። ቀኑ ሲገፋ ሐሳቡንና ወረቀቱን በ2,500 ዶላር ሸጠ። ገዢዎቹ ፍራንክ ፒክረልና የኤል ፓሶው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሄይመን ክረፕ ነበሩ። እነሱም የአክሲዮን ወረቀት እያዞሩ ይሸጡ ጀመር። ኒውዮርክ ውስጥ አክሲዮን የገዙ የካቶሊክ ሴቶች ገንዘባቸው ስላሳሰባቸው ቄሳቸውን አማከሩ፤ ቄሱም የማይቻለውን ታስችላለች ወደምትባለው ቅድስት ሪታ እንዲማጸኑ ነገሯቸው። ሴቶቹ የተባረከ ደረቅ ጽጌረዳ ለፒክረል ላኩለት። እሱም ማማው ላይ ወጥቶ ቅጠሉን በተነና ጉድጓዱን በቅድስቲቱ ስም ሰየመው። ስለት ከአክሲዮን ገበያ ጋር ሲገናኝ ይህ የመጀመሪያው ባይሆንም በዚህ መጠን የሠመረ ግን ጥቂት ነው።

ቁፋሮው ከ1921 እስከ 1923 ተጓተተ። በግንቦት 1923 መጨረሻ ቆፋሪው ካርል ክሮምዌልና ረዳቱ ጋዝ ሲፈላ አዩ። ወዲያው ለባለቤቱ አልጮኹም። ሥራውን አቁመው በአካባቢው የተገኘውን መሬት በስማቸው ለመኮናተር ሮጡ። በማግሥቱ ግንቦት 28 ዘይቱ ወደ 930 ሜትር ገደማ ከሚሆን ጥልቀት ተስፈንጥሮ ወጣ። በዛሬ ቋንቋ የውስጥ መረጃ ይዞ መነገድ የሚባለውን እነዚህ ሰዎች ስም ሳይወጣለት ሠርተውበታል።

በነሐሴ 24 ቀን 1923 ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው የዘይት ድርሻ ተከፈለ፤ 516 ዶላር ከ53 ሳንቲም። ገንዘቡ የገባው ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ፈንድ ወደሚባለው ሣጥን ነው። የዚህ ፈንድ ሕግ ቀላልና ጥብቅ ነው፤ ከመሬቱ የሚገኘው የዘይት ገቢ ዋና ገንዘብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ለትምህርት ቤቶቹ የሚከፋፈለው ኢንቨስት ተደርጎ የሚያፈራው ነው። በ1931 በተደረሰ ስምምነት ሁለት ሦስተኛው ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ሦስተኛው ለቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ሆነ። ፈንዱ በአሁኑ ወቅት ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ግዛቱ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው 850 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት የምዕራቡ ምድረ በዳ ነበር። ለምለሙ ለሌላ ተሰጥቶ ድርቆሹ ለተማሪ ተተወ ማለት ይቻላል። የጉድጓዱ ማሽን ዛሬ ቅርስ ሆኖ የቆመው ኦስተን በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። ኦስተን ከሚድላንድ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቅርሱም ገንዘቡም አብረው ሄደዋል።

ውል ፈራሚዋና ጉድጓድ ቆፋሪዋ

ከሳንታ ሪታ በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሥራ ተከፋፈሉ። ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፤ ገበያው ነው ያከፋፈላቸው። የሆቴልና የባንክ ቅድሚያ የነበራት ሚድላንድ የጂኦሎጂስቶች፣ የጠበቆችና የባንክ ሰዎች መቀመጫ ሆነች። በ1929 ቶማስ ሆጋን የተባለ ባለሀብት ባለ 12 ፎቅ የፔትሮሊየም ሕንፃ በመሐል ከተማ አቆመ። ያኔ የሚድላንድ ነዋሪ ከ5 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሕንፃው በተከፈተበት ዓመት መገባደጃ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ መውደቁ የሆጋን ዕድል ነው። ሕንፃው ግን እስካሁን አለ፤ ከሩቅ ሲታይ ሜዳው ላይ ግንብ ተክሎ የሄደ ሰው ያለ ይመስላል።

ውል ይፈረም የነበረው ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። የሻርባወር ሆቴል እንግዳ መቀበያ አዳራሽ እንደ ገበያ ነበር፤ ከብት ነጋዴው ከዘይት ደላላው ጋር ቡና እየጠጣ መሬት በእጅ ጭብጨባ ይተላለፍበታል። ይህ ሆቴል በ1970ዎቹ ፈረሰ። የነዳጅ ቅርስ ሙዚየም በተከፈተበት አሥር ዓመት ውስጥ የንግዱ እውነተኛ አዳራሽ መፍረሱ በሚድላንድ የቅርስ አያያዝ ላይ የሚነሳ ትልቅ ወቀሳ ሊሆን ይገባው ነበር።

ስለ ደላላው ሥራ ጥቂት ማለት ያሻል። በቴክሳስ ሕግ ከመሬቱ ሥር ያለው ማዕድን ከላይኛው መሬት ተለይቶ ሊሸጥ፣ ሊወረስ፣ ሊከራይ ይችላል። መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ከሚለው ከኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ጋር ይህ ፈጽሞ አይገናኝም። በዚህ የተነሳ ላንድማን የሚባል ደላላ አለ። የአውራጃ መዝገብ ቤት ገብቶ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ የባለቤትነትን ሐረግ ይመረምራል፣ ወራሾቹን አንድ በአንድ አፈላልጎ ያስፈርማል። የባለመብቱ ድርሻ በጥንቱ ውል ከስምንት እጅ አንድ እጅ ነበር፤ ዛሬ ከአራት እጅ አንድ እጅ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ከ2024 ወዲህ በዚህ ሙያ ስም ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተሠርቶ የሚድላንድ ደላላ ዓለም አቀፍ ዝና አግኝቷል። የመዝገብ ቤቱ አቧራ ግን በድራማው እምብዛም አይታይም።

ኦዴሳ ሌላ ነች። በ1925 ነዋሪዋ 750 ነበር፤ በ1929 ወደ 5 ሺህ ደረሰ። የመጡት በአብዛኛው ባለሱፍ ሳይሆኑ እጃቸው በቅባት የተነከረ ሰዎች ነበሩ፤ ቆፋሪ፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የቧንቧ ገጣሚ። ማደሪያ ጠፋ። የከተማዋ አንጋፋ ቤት ዋይት ፑል ይባላል፤ ከኢንዲያና የመጣ አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ በ1887 በሸክላ ጡብ የሠራው ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ይህ ቤት እንኳ ተከፋፍሎ ለዘይት ሠራተኞች የሚከራይ ክፍል ሆኗል። ዛሬ ታድሶ ሙዚየም ነው። ከኦዴሳ ቅርሶች ሁሉ የበለጠ የሚናገረው ይኸው ይመስላል፤ የሃይማኖተኛ ገበሬ ሳሎን ወደ ኪራይ አልጋ የተለወጠበት ጊዜ ማለት ዘይት መጣ ማለት ነውና።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ደረጃ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። በኋላ የአሜሪካ 41ኛው ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ቡሽ በ1948 ከትምህርት ቤት እንደወጡ የመጡት ወደ ኦዴሳ ነበር። የቁፋሮ ዕቃ በሚሸጥ ኩባንያ መጋዘን እየጠረጉ፣ ፓምፕ ቀለም እየቀቡ ሠሩ። ባለቤታቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ይዘው መታጠቢያ ክፍሉን ከጎረቤት በሚጋሩት ጠባብ ቤት ኖሩ። በ1950 ወደ ሚድላንድ ሲሄዱ ወደ ውል ፈራሚዎቹ ጎራ ተሻገሩ። በ1953 ከሊድኬ ወንድማማቾች ጋር ዛፓታ ፔትሮሊየምን አቋቋሙ። ኩባንያው ከ100 በላይ ጉድጓድ ቆፍሮ አንዱም ባዶ ያልወጣበት ዕድለኛ ማሳ ገጥሞታል። የሚድላንዱ መኖሪያቸው ከ2006 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል፤ ከኦዴሳ ቤቶቻቸው አንዱም ተጠብቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተዛውሯል። ተጓዡ ሰው አንድ ነው፣ ሁለቱም ከተሞች የኔ ነው ይሉታል። የ32 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ያለ ባለሀብት ዘመድ የተሻገረው ግን ጥቂቱ ነው። የቡሽ ቤተሰብ የምሥራቁ ክፍለ አገር ገንዘብ ከጀርባው ነበር።

ሙዚየሙ የሚያሳየው

የፐርሚያን ቤዚን የነዳጅ ሙዚየም በሚድላንድ የተከፈተው በ1975 ነው። የመሠረተው ጆርጅ ኤበል የተባለ የዘይት ሰው ሲሆን፣ በምረቃው ላይ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ተገኝተዋል። ጊዜው ለነዳጅ ከተማ የተመቸ ነበር። ከ1973ቱ የዐረቦች ማዕቀብ በኋላ ዋጋ አሻቅቦ ስለነበር ሚድላንድ ለታሪኳ የምታወጣው ገንዘብ ሞልቷታል። ሙዚየሙ ከ250 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ምድሩ ባሕር በነበረ ጊዜ የነበሩትን የባሕር ፍጥረታት በሞዴል ያሳያል። ከግቢው ውጪ የድሮ የቁፋሮ ማማዎችና ራሳቸውን እየነቀነቁ ዘይት የሚስቡ ፓምፖች ተደርድረዋል። የሚድላንዱ የዘይት ሰው ጂም ሆል የሠራቸው ቻፓራል የተባሉት የእሽቅድምድም መኪኖችም እዚያው አሉ፤ እነሱን ብቻ ለማየት የሚመጣ ጎብኚ አለ።

በሙዚየሙ ውስጥ የክብር አዳራሽ አለ። በየጊዜው ለኢንዱስትሪው አስተዋጽኦ አድርገዋል የተባሉ ሰዎች ይመረጣሉ፣ ሥዕላቸው ይሰቀላል። የተሰቀሉት በዋናነት ባለሀብቶች፣ ጂኦሎጂስቶችና ኩባንያ መሥራቾች ናቸው። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም። ካፒታሉን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ባይኖር ጉድጓዱም አይኖርም። ግን ጣቱን በሰንሰለት የተቆረጠው ሠራተኛ ድርሻ ከዚህ አዳራሽ ቢፈለግ ማሽኑ አጠገብ እንጂ ሥዕሉ አጠገብ አይገኝም።

ኦዴሳ ከዚህ ጋር የሚወዳደር የነዳጅ ሙዚየም የላትም። የሷ ቅርስ ሲንቀሳቀስ ነው የሚታየው። በየሁለት ዓመቱ በጥቅምት የሚካሄደው የፐርሚያን ቤዚን የነዳጅ ትርዒት የሚደረገው ኦዴሳ ነው፤ ሻጩና ገዢው አዲሱን ማሽን ሲዋዋል አሮጌው የገመድ መቆፈሪያም እየሠራ ለእይታ ይቀርባል። ከዚያ ሌላ ኦዴሳን ዓለም ያወቃት በትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድኗ ነው (የአሜሪካኖቹ ዓይነት ኳስ ነው)። 19 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው የራትሊፍ ስታዲየም የተከፈተው በ1982 ሲሆን፣ የዘይቱ ገንዘብ ገና በእጅ ነበር። ጋዜጠኛው በዝ ቢሲንገር የ1988ቱን የውድድር ዘመን ተከታትሎ በ1990 ያሳተመው መጽሐፍ ዘይት የወደቀባት ከተማ ተስፋዋን ሁሉ በ17 ዓመት ልጆች ትከሻ ላይ እንዴት እንደጫነች አሳየ። በከተማዋ ያለውን የዘር ልዩነትም አልሸሸገም። ከባቡር ሐዲዱ በስተደቡብ ጥቁሮችና ሜክሲኮዎች ይኖሩ ነበር፤ የእነሱ የነበረው ኤክተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1982 በዘር መለያየትን ባስቀረ የፍርድ ቤት ውሳኔ ተዘግቷል። መጽሐፉ ሲወጣ ኦዴሳ ተቆጣች። በ2004 ፊልም ሆኖ ሲመጣ ግን ቁጣው በርዶ ነበር፤ ዛሬ ስታዲየሙን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሆቴል ይይዛል፣ ምሳ ይበላል። የተናቀ ታሪክ ገበያ ሲያገኝ ቅርስ ይባላል።

የጥቅምት 1983 ዓርብ

በሁለቱም ከተሞች ሐውልት ያልቆመለት አንድ ቅርስ አለ። እሱም የውድቀቱ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በርሜሉ ከ30 ዶላር በላይ ሲሸጥ ሚድላንድ ውስጥ የሮልስ ሮይስ መኪና መሸጫ ተከፍቶ ነበር። ባንኮች ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል በሚል ሒሳብ ከመሬት ሥር ያለውን ያልወጣ ዘይት መያዣ አድርገው አበደሩ። በመጋቢት 1983 የኒውዮርክ የሸቀጥ ገበያ የድፍድፍ ነዳጅ የወደፊት ርክክብ ውል መሸጥ ጀመረ። ማለትም የዋጋ መውደቅን አስቀድሞ መሸጥና መከላከል የሚቻልበት መሣሪያ ያኔ ተፈጠረ። ለሚድላንድ ባንክ ግን ዘግይቶ ነበር። ጥቅምት 14 ቀን 1983 ዓርብ የሚድላንዱ ፈርስት ናሽናል ባንክ ተዘጋ። ንብረቱ ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር፤ በጊዜው በአሜሪካ ከታዩት ታላላቅ የባንክ ውድቀቶች አንዱ ነው። ባንኩን የተረከበው የዳላሱ ሪፐብሊክ ባንክ ነበር። ያም ከሌላ ባንክ ጋር ተዋህዶ ፈርስት ሪፐብሊክ ከተባለ በኋላ በ1988 ራሱ ወደቀ። የዋስ ዋስ አጣ ማለት ይህ ነው።

ዋናው መዓት የመጣው ደግሞ በ1986 ነው። በ1985 መጨረሻ 30 ዶላር አካባቢ የነበረው በርሜል በወራት ውስጥ ወደ 10 ዶላር ገደማ ወረደ። የሮልስ ሮይሱ መሸጫ ተዘጋ፤ ኦዴሳ ውስጥ የቁፋሮ ማማዎች እየተጋደሙ በሜዳ ላይ ዝገት በላቸው። በመኪናቸው ላይ "እግዚአብሔር ሆይ አንድ የደራ ዘመን ስጠን፣ የአሁኑን አናባክነውም" የሚል ዓይነት ቀልድ የለጠፉ ሰዎች ነበሩ። በ1998 እንደገና ወደ 11 ዶላር ወረደ። በሚያዝያ 20 ቀን 2020 ደግሞ ማንም ያላየው መጣ። በኦክላሆማ ኩሺንግ የሚረከበው የግንቦት ውል ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ላይ ተዘጋ፤ ሻጩ ዘይቱን የሚወስድለት ሰው እንዲያገኝ ገንዘብ ጨምሮ ከፈለ። በፐርሚያን የሚሠሩት ማማዎች በወራት ውስጥ ከ400 አካባቢ ወደ 120 ገደማ ወረዱ።

ይህን ሁሉ ያሳለፈ ነጋዴ አለ። ኦትሪ ስቲቨንስ በ1979 የመጀመሪያ ጉድጓዱን ቆፈረ፤ ውድቀቱ ሲመጣ ሌላው ሸጦ ሲሄድ እሱ ሚድላንድ ተቀምጦ ርካሽ መሬት ሰበሰበ። አብዛኛው ሰው ስፕራቤሪ የሚባለውን የአካባቢውን አለት "በዓለም ትልቁ ሊወጣ የማይችል የዘይት ክምችት" እያለ ያፌዝበት ነበር፤ ዘይቱ አለ፣ ድንጋዩ ግን አይለቅም። ከ2000ዎቹ ወዲህ ጉድጓዱን ወደ ጎን አጣጥፎ በውኃና በአሸዋ ግፊት አለቱን መሰንጠቅ ሲቻል ቀልዱ ቆመ። በየካቲት 2024 ዳይመንድባክ የተባለው የሚድላንድ ኩባንያ የስቲቨንስን ኤንዴቨር በ26 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ስቲቨንስ በነሐሴ ዐረፉ፤ ሽያጩ የተጠናቀቀው በመስከረም ነው።

ማማው ሲቀንስ

ከዚያ በፊት በግንቦት 2024 ኤክሶን ሞቢል ፓዮኒርን በ60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሏል። ለአክሲዮን ያዡ መልካም ዜና ነበር። ለሁለቱ ከተሞች ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የሚድላንድ ሙዚየም፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል በ2011 የተከፈተው የዋግነር ኖኤል የጥበብ ማዕከል፣ የቤተ መጻሕፍቱና የሆስፒታሉ ክንፍ የቆሙት በአብዛኛው እዚያው በሚኖሩ ባለሀብቶች ስጦታ ነው። ስማቸው በበሩ ላይ ተጽፏል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቦታ የሆነ ኩባንያ ለሕዝብ የሚሰጠውን የሚሰጠው በበጀትና በኮሚቴ ነው። ይህን የተረዱት ትላልቆቹ ኩባንያዎች በ2018 የፐርሚያን ስትራቴጂክ አጋርነት የሚባል ድርጅት አቋቁመው ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመኖሪያ ቤት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመስጠት ቃል ገብተዋል። ጥሩ ነው፤ አጎት ከሰጠው ስጦታ ጋር ግን አንድ አይደለም።

ኦዴሳ የምትፈራው ከዚህ ይለያል። እሷ የምትኖረው በማማ ብዛት ነው። በ2014 መጨረሻ በፐርሚያን ከ550 በላይ ማማዎች ይሠሩ ነበር፤ የቀኑ ምርትም 2 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ነበር። በ2024 ምርቱ ከ6 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሲደርስ የሚሠሩት ማማዎች ግን 300 ገደማ ብቻ ናቸው። አንዱ ማማ ዛሬ የሚቆፍረው ድሮ ሦስትና አራት ማማ ይቆፍረው የነበረውን ነው። አንድ ማማ ሲጋደም ሠራተኞቹ ብቻ አይደሉም የሚበተኑት፤ ጭቃ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ብየዳው፣ ምግብ ቤቱና አልጋ አከራዩ አብረው ይነካሉ። የሚድላንድ የዋጋ ስም በለንደንና በሲንጋፖር በየቀኑ ሲጠራ፣ በኦዴሳ መግቢያ ባሉት ሰፋፊ ግቢዎች ውስጥ የተጋደሙ ማማዎች ገዢ ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹ በኪሎ ለብረት ማቅለጫ ይሄዳሉ።

ሳንታ ሪታ ቁጥር 1 በግንቦት 1990 በሲሚንቶ ተደፍኗል። ዩኒቨርሲቲው ከመሬቱ የሚያገኘውን ድርሻ ግን በየወሩ መቀበሉን አላቆመም።